የሲንገርን ቋንቋ ማን ተማረ?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

አሜሪካዊቷ ደራሲ ካርሰን መከለርስ ስለጻፈችው «ልብ ብቸኛ አዳኝ ናት» ስለተሰኘው ልብ ወለድ በመጻሕፍት ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን ሐተታ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ደራሲዋ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለች እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመችው ይህ መጽሐፍ ዛሬም ሰፊ ቦታ ተሰጥቶት ሲጻፍበት ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ስለሆነ አስቀድሜ ላመሰግን እወዳለሁ። ይሁን እንጂ ሐተታ አቅራቢው ጽሑፋቸውን የቋጩበትን ሐሳብ እንዳላየ ላልፈው አልቻልኩም። በእሳቸው አነባበብ፣ ብቸኛ ሰው ከምንም በላይ የሚሻው የሚያዳምጠው ሰው ነው፤ የታሪኩ ማዕከል የሆነው ጆን ሲንገርም ሁላችንም ልንከተለው የሚገባን የመልካም አድማጭ አርአያ ነው። እኔ ደግሞ መጽሐፉ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው ባይ ነኝ። አራት ሰዎች ልባቸው እስኪወጣላቸው ድረስ ተደመጡ፤ አንዳቸውም ከብቸኝነታቸው አልወጡም፤ ያዳመጣቸው ሰው ደግሞ በመጨረሻ ራሱን ገደለ። ይህን ያህል ገሃድ የሆነ ነገር እንዴት ሊታለፍ እንደቻለ ሳስበው፣ ምክንያቱ እኛ አንባቢዎችም ሲንገርን የምናየው የከተማው ሰዎች ባዩበት ዓይን በመሆኑ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሆኜ አይደለም። ሥራዬ የምልክት ቋንቋ ማስተርጎም ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሲሆን፣ ቋንቋውን መጀመሪያ ያስተማሩኝም የእሱ እጆች ናቸው። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ሌሎች አንባቢዎች ብዙም ወደማይመለከቱት ነገር፣ ማለትም ወደ ሲንገር እጆች ነበር።

ታሪኩን ላላነበቡ በአጭሩ ልንገራቸው። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በምትገኝ አንዲት የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ውስጥ ሁለት መስማት የተሳናቸው ጓደኛሞች ለ10 ዓመታት አብረው ኖረዋል። ሲንገር በአንድ የጌጣጌጥ መደብር ብር ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ ነው፤ ስፒሮስ አንቶናፑሎስ ደግሞ በአጎቱ ልጅ የፍራፍሬ ሱቅ ይሠራል። አንቶናፑሎስ ታሞ ጠባዩ ሲለዋወጥ ዘመዱ ራቅ ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ይልከዋል፤ ሲንገርም አብረው የኖሩበትን ቤት ትቶ በኬሊ ቤተሰብ ቤት አንዲት ክፍል ይከራያል። ከዚያ በኋላ አራት ሰዎች ወደዚያች ክፍል ይመላለሳሉ፤ ሙዚቃ ነፍሷ የሆነው ታዳጊዋ ሚክ ኬሊ፣ ሠራተኛውን ለማንቃት የሚታትረውና መጠጥ የሚያበዛው ጄክ ብላውንት፣ ዕድሜውን ለወገኖቹ ነፃነት የሰጠው ጥቁሩ ሐኪም ዶክተር ቤኔዲክት ኮፕላንድ፣ እና ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ ካፌ ያለው ቢፍ ብራነን። እነሱ ይናገራሉ፤ ሲንገር ከንፈራቸውን እያነበበ ይመለከታቸዋል፤ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ሲያስፈልግም በወረቀት ላይ ጥቂት ቃላት ይጽፍላቸዋል። ሁሉም ገባው ብለው፣ ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ።

ሲንገር ግን ምን ያህሉ ገብቶት ነበር? ደራሲዋ ይህን አልደበቀችም፤ ሐተታው ግን ጨርሶ አላነሳውም። ሲንገር ለአንቶናፑሎስ በሚጽፈው ረጅም ደብዳቤ ውስጥ ስለ እንግዶቹ ይነግረዋል። ብላውንት በሁለታችን መካከል አንድ ምስጢር አለ ብሎ ያምናል፣ እኔ ግን ምስጢሩ ምን እንደሆነ አላውቅም ይላል። ልጅቷ መስማት እንደማልችል እያወቀች ሙዚቃ የማውቅ ይመስላታል፣ ምን እንደምትሰማ ባወቅኩ ይላል። የሐኪሙ ዓይኖች አንዳንዴ ያስፈሩታል። አርአያ የተባለው አድማጭ በእንግዶቹ ግራ የተጋባ፣ ብዙውን ነገራቸውን ያልተረዳ፣ ነገር ግን ከባዶ ክፍል የሰው ፊት ማየት ስለሚሻል በሩን የሚከፍት ሰው ነው። እንግዶቹን የሚቀበለው በትልቅ ጥበብ ሳይሆን በትልቅ ናፍቆት ነው። የሚናፍቀው ደግሞ እነሱን አይደለም።

አንድ ነገር ላንሳ። ሲንገር ለእንግዶቹ ሲል ራዲዮ ገዝቶ ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጣል። ምንም የማይሰማ ሰው፣ ሌሎች እንዲሰሙበት ብሎ ገንዘቡን ለራዲዮ ያወጣል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ከአራቱ እንግዶች መካከል አንዱ እንኳ ለሲንገር ሲል አንድ ምልክት፣ «እንደምን ዋልክ» የምትለዋን ያህል እንኳ፣ በእጁ ማለት ተምሮ ነበር? አልተማረም። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አንድም አላገኘሁም። ሚክ ትወደዋለች፣ በመንገድ ላይ እየተከተለች ታየዋለች፤ ብላውንት አብሮት ይጠጣል፤ ኮፕላንድ ከነጮች ሁሉ እሱን ለይቶ ያከብረዋል፣ ምክንያቱም ሲንገር አንድ ቀን በዝናብ ውስጥ ሲጋራውን አቀጣጥሎለት ነበርና፣ በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ደግሞ አንድ ነጭ ለጥቁር ሰው እንዲህ ያለ ትሕትና ማሳየቱ ተራ ነገር አልነበረም። ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ይወዱታል። ቋንቋውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ሲንገር አንቶናፑሎስ ከሄደ በኋላ እጆቹ ሥራ ፈትተው ያስጨንቁት ጀመር፤ ኪሱ ውስጥ እየከተተ ይደብቃቸዋል። መጽሐፉ ስለ ብቸኝነት ካለው ሁሉ እኔን የሚያመኝ ይህ ነው፤ ኪስ ውስጥ የገቡት እጆች።

አራቱ እንግዶች ሳይቀጣጠሩ በአንድ ሰዓት በሲንገር ክፍል የሚገናኙበትን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላስታውስም። ሁሉም ለወትሮው አፋቸው አይዘጋም፤ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲመጡ የሚናገሩት አያልቅባቸውም። አሁን ግን ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ይሰፍናል። ሲንገር እንግዶቹን ለማስተናገድ ሽር ጉድ ይላል፤ እነሱ ስለ አየሩ ሁኔታ ሁለት ሦስት ቃል ይወረውራሉ፤ ያንንም ቢሆን ዓይናቸውን ሲንገር ላይ ተክለው እንጂ እርስ በርሳቸው እየተያዩ አይደለም። አንዱ ለፍትሕ የሚጮህ፣ ሌላው ለፍትሕ የሚሞት፣ ሦስተኛዋ በውስጧ ሙሉ ሙዚቃ ተሸክማ የምትዞር፣ አራተኛው ሰውን መመልከት የማይሰለቸው፤ እነዚህ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ክንድ ለክንድ ተቀራርበው ተቀምጠው የሚነጋገሩት አጡ። ሲንገር ነገሩ ስላልገባው ይህንኑ ለጓደኛው ይጽፍለታል። ሐተታ አቅራቢው እንዳሉት መደመጥ ከብቸኝነት የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ፣ ለወራት የተደመጡት እነዚህ አራት ሰዎች ያን ቀን አንድ ነገር ይሉ ነበር። እኔ እንደማየው እነሱ በሲንገር ፊት ሲናገሩ የኖሩት ከራሳቸው ጋር ነበር። መልስ የማይሰጥ ሰው ፊት መናገር ቀላል ነው። ቀና ብሎ አንተስ ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተሰማውም ይህ ጥያቄ ነው።

በዚህ ላይ ደራሲዋ ሲንገርንም ንጹሕ አድርጋ አላቀረበችውም፤ መጽሐፉን ታላቅ ያደረገው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። አንቶናፑሎስ ማንበብ አይችልም። ሲንገር ይህን እያወቀ ነው ደብዳቤ የሚጽፍለት። አብረው በኖሩበት ዘመንም ቢሆን ቀኑን ሙሉ በእጁ የሚያወራው ሲንገር ነበር፤ ጓደኛው አልፎ አልፎ ስለ መብልና ስለ እንቅልፍ ምልክት ከማሳየት በስተቀር ብዙ አይልም፤ ሲንገርም የሚነግረው ነገር ምን ያህል እንደሚገባው በእርግጥ አውቆ አያውቅም። አራቱ ሰዎች በሲንገር ላይ የሚያደርጉትን ሲንገር በአንቶናፑሎስ ላይ ያደርጋል። በአንድ ሌሊት ሕልሙ አንቶናፑሎስ ከደረጃ አናት ላይ አንድ ነገር ከፍ አድርጎ ይዞ ተንበርክኮ ያየዋል፤ ሲንገር ከእሱ በታች፣ አራቱ ደግሞ ከሲንገር በታች ተንበርክከዋል። እያንዳንዱ ከላዩ ያለውን ያያል፤ ወደ ኋላው የሚዞር ግን የለም።

ስለ ማንነት የተነሳውም ነጥብ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሐተታው ሲንገር ማንነቱ የማይታወቅ ምስጢራዊ ሰው እንደሆነ ይናገራል። ምስጢራዊ ያደረገው ግን ራሱ አይደለም። በከተማው ውስጥ አይሁዶቹ አይሁዳዊ ነው ይላሉ፤ ነጋዴዎቹ ትልቅ ውርስ ያገኘ ሀብታም ነው ይላሉ፤ በከተማው ያለ አንድ ብቸኛ ቱርክ ደግሞ የአገሬ ሰው ነው ብሎ ለሚስቱ ይምላል። ሁሉም የጎደላቸውን ነገር ወስደው እሱ ላይ ይለጥፋሉ። ይህን በጥቂቱም ቢሆን የሚያስተውለው ብራነን ብቻ ነው፤ ብላውንትና ሚክ ሲንገርን በራሳቸው እጅ የሠሩት አምላክ እንዳደረጉት፣ ይህንንም ያደረጉት መናገር ስለማይችል የፈለጉትን ባሕርይ ሊያለብሱት ስለቻሉ እንደሆነ ያስባል። ሲንገር ግን ምስጢር አልነበረውም። የኖረበት ከተማ፣ የሚወደው ሰው፣ የሚኮራበት ሙያ ነበረው። ቢጠይቁት በወረቀትም ቢሆን ይነግራቸው ነበር። ሰው ማንነቱን የሚያጣው ምንም ስለሌለው ብቻ አይደለም፤ ሌሎች የጻፉለትን ማንነት የሚያርምበት ዕድል ስላላገኘም ጭምር ነው።

ይህን ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ከአንድ መስማት ከተሳነው ሰው ጋር ወደ አንድ ቢሮ ወይም ሐኪም ዘንድ ስገባ፣ ባለጉዳዩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ዓይኑን እኔ ላይ አድርጎ «ምን እንደሚያመው ጠይቂው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። «እሱን እያዩ ይጠይቁት፤ እኔ አስተረጉማለሁ» እላለሁ። አንዳንዱ ወዲያው ያርማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ እኔ ይመለሳል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም በርኅራኄ ነው የሚናገሩት። ባለጉዳዩ ግን ራሱን ካስተዋወቀበት ደቂቃ ጀምሮ በሦስተኛ መደብ የሚወራለት ሰው ይሆናል።

በቤታችን የነበረው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በፍቅር መካከል ነበርና። ልጆች ሳለን ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ሲሰበሰብ ጨዋታው ይደራል፤ አንዱ አንድ ነገር ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። ወንድሜ ሳቁን ያየዋል፤ ፈገግ እያለ ክንዴን ነካ አድርጎ «ምንድነው?» ይለኛል። እኔም እየሳቅኩ «ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» እለው ነበር። በኋላ የምነግረው በሁለት ምልክት የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ «እንትና እንዲህ አለ» ብቻ። ሳቁ ያኔ አልፏል። ስንት ጊዜ «በኋላ» እንዳልኩት ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ወንድሜ ቤተሰብ አላጣም፤ ምግብ አላጣም፤ እቅፍ አላጣም። ሰባት ሰው በተቀመጠበት ማዕድ ላይ ግን ብቻውን ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1 በብቸኝነት ስሜት እንደሚጎዳ ገልጿል። በዚያ ሪፖርት ውስጥ ለዚህ መጽሐፍ አንባቢ የሚጠቅመው ግን ከቁጥሩ ይልቅ የተደረገው ልዩነት ነው። ብቸኝነት ማለት አንድ ሰው በሚሻውና በእርግጥ ባለው ግንኙነት መካከል ካለው ክፍተት የሚመጣ የሚያም ስሜት ሲሆን፣ ከሰው ተነጥሎ መኖር ደግሞ በቂ ግንኙነት ጨርሶ ማጣት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሲንገር ከሰው የተነጠለ ሰው አልነበረም፤ በከተማው ከእሱ የበለጠ እንግዳ የሚበዛበት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የሚጎበኘው ሰው መብዛቱን አይቶ ብቸኛ አይደለም ማለት፣ ማዕዱን ቆጥሮ ወንድሜን ብቸኛ አይደለም እንደማለት ነው።

በሐተታው ውስጥ ያልተነሳ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የሲንገር ዝምታ ተፈጥሮው አይደለም። በልጅነቱ በተቋም ውስጥ ሲያድግ በእጁ መነጋገርን፣ ከንፈር ማንበብን፣ በኋላም በአፉ መናገርን ተምሯል። ነገር ግን ሲናገር የሰዎችን ፊት እያየ ድምፁ ደስ የማይል ነገር መሆኑን ተረዳ፤ አንቶናፑሎስን ካገኘ በኋላም በአፉ መናገርን እርግፍ አድርጎ ተወ። ይህ የደራሲዋ ፈጠራ ቢሆንም ከኋላው እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1880 በጣሊያን ሚላን ከተማ የተሰበሰበው የመስማት የተሳናቸው ልጆች መምህራን ጉባኤ፣ ትምህርት በአፍ ንግግር ብቻ እንዲሰጥና የምልክት ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል እንዲወጣ ወስኗል፤ ውሳኔውም በብዙ አገሮች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ልጆችን እጃቸውን አስሮ ማስተማር አስከትሏል። ሲንገር በልቦለዱ ውስጥ ትምህርት ቤት የነበረባቸው ዓመታት ይህ አስተሳሰብ ገንኖ የነበረባቸው ዓመታት ናቸው። የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ዊልያም ስቶኪ የተባለው ምሁር በጥናት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960፣ ማለትም መጽሐፉ ከታተመ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። የሚላኑ ውሳኔ በይፋ ውድቅ ተደርጎ ጸጸት የተገለጸበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር በተደረገው ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነበር። እንግዲህ ሲንገርን እንደ ጸጥተኛ ጻድቅ ማቅረብ፣ ዝም ያሰኘውን ነገር ደግሞ መርሳት ነው።

መጽሐፉን እንደምወደው ከዚህ በላይ ባለው የታየ ይመስለኛል። ነገር ግን የምወደው ነገር ስሕተት እንዳለበትም መናገር አለብኝ። ደራሲዋ መጽሐፉን በምትጽፍበት ጊዜ በአቅራቢያዋ ባለ ከተማ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ስብሰባ ያደርጉ ነበር። ባለቤቷ አብረን ሄደን እንያቸው ሲላት እንቢ አለች፤ በልቧ የሣለችው ሰው እንዳይረበሽባት ፈርታ እንደነበር እሷው ራሷ በኋላ ጽፋዋለች። ይህን ባወቅኩ ጊዜ መጽሐፉን ለብዙ ቀን አልነካሁትም። አራቱ እንግዶች በሲንገር ላይ ያደረጉትን እሷም አድርጋዋለች፤ ቋንቋውን ሳትጠይቀው በልቧ ሠራችው። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚታይ ያሳየኝ ወንድሜ ነው።

መጽሐፉን ሰጥቼው በአንድ ሳምንት ጨረሰው። ምን አልክ ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ የጠየቀኝ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከእሱ ጋር በእጁ የሚያወራ ሰው ማነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ያነሳው በመጨረሻ አካባቢ ያለውን ምዕራፍ ነበር። ሲንገር ስጦታ ይዞ በባቡር ጓደኛውን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ሲደርስ አንቶናፑሎስ መሞቱን ይነግሩታል። ከዚያ በከተማው ውስጥ ሲንከራተት ሦስት ሰዎች በምልክት ሲነጋገሩ ያይና ወደ እነሱ ይሄዳል። ስሙን ይነግራቸዋል፤ አንቶናፑሎስን ያውቁት እንደሆነ ይጠይቃቸዋል፤ አያውቁትም። እሱም ከዚያ በላይ የሚለው ያጣል፤ እጆቹ ይንጠለጠላሉ። ሦስቱ ሰዎች ቀስ በቀስ ከጨዋታቸው ያወጡታል፤ ሲሄዱም አብረኸን ና አይሉትም።

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን የጻፈው ሰው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሲገናኙ አይቶ አያውቅም» አለኝ። በማያውቁት ከተማ ውስጥ በምልክት የሚያወራ ሰው ያገኙ ሰዎች የት ተማርክ፣ እነማንን ታውቃለህ፣ ከየት መጣህ እየተባባሉ በር ላይ ቆመው እንኳ መለያየት እንደሚያቅታቸው፣ ፊቱ እንዲያ የጠቆረ ሰው ቢያዩ ደግሞ ምን ሆነሃል ሳይሉት እንደማይሄዱ ነገረኝ። እኔም ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ስብሰባ ካለቀ በኋላ መብራት እስኪጠፋባቸው ድረስ ደጅ ላይ ቆመው የሚያወሩትን ስጠብቅ ያመሸሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የሆነ ሆኖ ተከራከርኩት። ሲንገር ያን ሰዓት የሞተ ሰው ነው፤ እጆቹ ለመናገር የሚፈልጉት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ቢቀርቡትም መልስ አይሰጥም ነበር አልኩት። ወንድሜ ትንሽ አሰበና «ሲንገር መልስ አለመስጠቱ እውነት ነው፤ የሦስቱ ሰዎች ትቶ መሄድ ግን ውሸት ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ሒስ በዚህ መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም። ደራሲዋ ያን ስብሰባ ሄዳ አይታ ቢሆን ኖሮ ያ ገጽ በሌላ መንገድ ይጻፍ ነበር፤ የሲንገርም ሐዘን የሚረዱት ሰዎች መካከል ቆሞም ስለማይለቀው የበለጠ በከበደ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል መጽሐፉ አይነበብ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ወደ አንድ ሰው ልብ ብቻ ስለሚያስገባን፣ አምስቱንም የምናውቀው እኛ አንባቢዎች ብቻ ነን። ሚክ በጨለማ፣ በማታውቀው ሰው ቤት መስኮት ሥር ቁጭ ብላ የቤትሆቨንን ሦስተኛ ሲምፎኒ ከራዲዮ ስታዳምጥ እናያታለን፤ የሲንገር የገዛ ልቡ ስለ ሙዚቃ ምን እንደሚል ደግሞ ከደብዳቤው እናውቃለን፤ እነሱ ግን ይህን እርስ በርስ አያውቁም። አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር የምናገናኘው እኛ ነን። ለዚህ ነው ታሪኩን እንደ ምክር መጽሐፍ ማንበብ የሚያሳዝነኝ። የመጨረሻው ክፍል እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1939 ላይ የሚውል አንድ ቀን ነው፤ ሲንገር ከሞተ በኋላ አራቱ በየፊናቸው ናቸው፤ ኮፕላንድ ታሞ ወደ ዘመዶቹ እርሻ ይወሰዳል፣ ብላውንት ከተማውን ለቆ ይሄዳል፣ ሚክ ሙዚቃዋን ትታ መደብር ውስጥ ተቀጥራለች፣ ብራነን ካፌው ውስጥ ብቻውን ያመሻል። ሲንገርን አጥተው እንኳ እርስ በርስ ለመግባባት አልታደሉም።

አሁን ወደ ጋዜጣችሁ ልመለስ። ሁለት ነገሮችን እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው በሐተታው ውስጥ ሲንገር በተደጋጋሚ «ደንቆሮና ዲዳ» ተብሎ መጠራቱ ነው። ደራሲዋ በዘመኗ በነበረው ቃል መጠቀሟን አውቃለሁ፤ መጽሐፉ ሲጠቀስ ያ ቃል ቢቀመጥ አልቃወምም። ሐተታው በራሱ አንደበት ሲናገር ግን፣ በቋንቋችን አላዋቂ ማለት በሆነ ስድብ አንድን ሰው መጥራት አይገባም። መስማት የተሳነው የሚል ቃል አለን። በሚቀጥለው እትም እርማት እንዲወጣ በትሕትና እለምናለሁ።

ሁለተኛው፣ ዓምዳችሁ በዚህ መጽሐፍ ላይ የአንባቢያን ውይይት እንደሚያዘጋጅ አስታውቃችኋል። ቀኑና ቦታው ሲወሰን መስማት የተሳናቸው አንባቢዎችም እንዲጋበዙ፣ አስተርጓሚም እንዲኖር አሳስባለሁ፤ የሚያስተረጉም ሰው ከጠፋ እኔ ያለ ክፍያ እመጣለሁ። ወንድሜ ስለ ሦስቱ ሰዎች የነገረኝን በራሱ እጅ ለተሰብሳቢው ሊናገር ተስማምቷል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቋል፤ ጥያቄ ያለው ሰው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ እያየ እንዲጠይቀው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ